የጋለ ብረትና የለመደ እጅ
በእንጨት ላይ በእሳት የመሣል ጥበብ ታሪክ ምን ያስተምራል?

እንጨትን፣ ቅልን ወይም ቆዳን በጋለ ብረት እየተኮሱ ማስጌጥ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሙያ ነው። ፈረንጆች ፓይሮግራፊ ይሉታል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን፣ «ፒር» እሳት፣ «ግራፌይን» ደግሞ መጻፍ ማለት ነው። በግሪክኛ ይኸው ግስ መሣልንም ስለሚያመለክት፣ ሙያው «በእሳት መጻፍ» ቢባልም «በእሳት መሣል» ቢባልም ያስኬዳል።

በዛሬው ጊዜ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ በኤሌክትሪክ የሚግል መሣያ በእጅ ሥራ መደብሮች በርካሽ ይሸጣል። ከሥራ ውጭ ባለው ጥቂት ሰዓት ለቤቱ መስቀል፣ ለልጁ ስም ያለበት ሰሌዳ ወይም የእናቱን መልክ በእንጨት ላይ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ጥቂት አይደለም። ቅዳሜ መሣሪያውን ይገዛል፣ እሑድ ይሞክራል፣ ሰኞ ግን ተስፋ ቆርጦ ከመሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። መሥመሩ እዚህ ወፍራም እዚያ ቀጭን ሆኗል፤ መልኩም የማንንም ሰው አልመሰለም። አብዛኛው ሰው ይህን ሲያይ ጥፋቱን በመሣሪያው ያመካኝና የተሻለ ብረት ለመግዛት ያስባል።

የሙያው ታሪክ የሚለው ግን ሌላ ነው። ብረቱ በየዘመኑ ተሻሽሏል፤ ሥራው ያማረለት ግን በየዘመኑ እጁን በእርሳስና በከሰል በየቀኑ ያለማመደ ሰው ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ከታሪክ እያጣቀሱ ማሳየት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እሳት ላጲስ የለውም

በቅድሚያ የነገሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በወረቀት ላይ የተሳሳተ የእርሳስ መሥመር በላጲስ ይጠፋል። በሸራ ላይ የተሳሳተ ቀለም በሌላ ቀለም ይሸፈናል። በእንጨት ላይ የተቃጠለ መሥመር ግን በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፈግ እንኳ ጠባሳው አብዛኛውን ጊዜ አይለቅም።

ሌላም ችግር አለ። የጋለ ብረት በአንድ ቦታ በቆየ ቁጥር እንጨቱን ይበልጥ ያጠቁረዋል። ስለዚህ እጅ ባመነታበት ቦታ ሁሉ ብረቱ ይቆማል፤ ብረቱ በቆመበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ነጥብ ይቀራል። ተመልካቹ ሠሪው የት እንደ ጠረጠረ፣ የት እንደ ፈራ፣ የት እንደ ቸኮለ ከእንጨቱ ላይ ያነበዋል ማለት ነው። እንጨቱም የራሱ ጠባይ አለው። የጥድ እንጨት ሙጫ ያለውና ቀለበቶቹ ለስላሳና ጠንካራ እየሆኑ የሚፈራረቁ በመሆኑ፣ ብረቱ አንዱ ላይ ይሰምጣል፣ ሌላው ላይ ይንሸራተታል። እንግዲህ ሠሪው «መሥመሩ ወዴት ይሂድ?» ብሎ የሚያስብበት ጊዜ ብረቱ እንጨቱን ከመንካቱ በፊት መሆን አለበት። ይህንንም የሚያስገኘው ቀደም ብሎ የተደረገ የሥዕል ልምምድ ነው።

አንድም ቀን ያለ መሥመር

ስለ ዕለታዊ ልምምድ የሚነገረው የታወቀ ታሪክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረውን የታላቁ እስክንድርን ሠዓሊ የአፔለስን ይመለከታል። ታሪኩን የጻፈው በ79 ዓ.ም. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ የሞተው ሮማዊው ፕሊኒ ነው። እንደ ፕሊኒ አገላለጽ፣ አፔለስ የቱንም ያህል ሥራ ቢበዛበት ቢያንስ አንድ መሥመር ሳያሰምር ቀኑን አያሳልፍም ነበር። ይህ ልማዱም በሮማውያን ዘንድ ምሳሌያዊ አነጋገር እስከ መሆን ደረሰ።

ፕሊኒ ሌላም ታሪክ ይተርካል። አፔለስ የሌላውን ታላቅ ሠዓሊ የፕሮቶጌኔስን ሥራ ለማየት በመርከብ ወደ ሮድስ ደሴት ሄደ። ባለቤቱን ግን ከቤት አላገኘውም። የነበረችው አንዲት አሮጊት ስትሆን፣ ለሥዕል የተዘጋጀ ትልቅ ሰሌዳ ትጠብቅ ነበር። «ማን መጣ ልበል?» ብትለው፣ አፔለስ ብሩሽ አንሥቶ በሰሌዳው ላይ እጅግ ቀጭን መሥመር አሰመረና «ይህ መጣ በይው» ብሎ ሄደ። ፕሮቶጌኔስ ሲመለስ መሥመሩን አይቶ የመጣው አፔለስ መሆኑን ወዲያው ዐወቀ። እርሱም በሌላ ቀለም በዚያው መሥመር ላይ ከርሱ የቀጠነ ሌላ መሥመር አሰመረ። አፔለስ ተመልሶ ያንን ሲያይ መሸነፉን ጠልቶ፣ በሦስተኛ ቀለም መሥመሮቹን ለሁለት ሰነጠቃቸው። ከዚያ በኋላ ለሌላ መሥመር የሚሆን ቦታ አልተረፈም። ፕሮቶጌኔስም መሸነፉን አምኖ እንግዳውን ሊፈልግ ወደ ወደቡ ሮጠ።

ያ ሰሌዳ ከሦስት መሥመሮች በቀር ምንም ያልነበረበት ቢሆንም በሮም ቤተ መንግሥት ከታላላቅ ሥዕሎች ይበልጥ ይከበር እንደ ነበርና በመጨረሻም በእሳት እንደ ጠፋ ፕሊኒ ይናገራል። ታሪኩ በከፊል ተረት ሊሆን ይችላል። ቁም ነገሩ ግን ግልጽ ነው፤ የሠዓሊ መታወቂያው መሥመሩ ነው፤ መሥመሩም የሚገኘው በየቀኑ ሲሠሩት ነው።

የ13 ዓመት ትምህርት

ከዚያ ዘመን በኋላ የሠዓሊን አስተዳደግ ዘርዝሮ የጻፈው ጣሊያናዊው ቼኒኖ ቼኒኒ ነው። ቼኒኒ በፍሎሬንስ ለ12 ዓመት ከመምህሩ ከአኞሎ ጋዲ ዘንድ የተማረ ሲሆን፣ የእጅ ሙያ መጽሐፉን የጻፈው በ1400 አካባቢ ነው።

ቼኒኒ ተማሪውን የሚያስጀምረው በቀለም አይደለም። በመጀመሪያ አንዲት ስንዝር የምታህል የጠንካራ እንጨት ሰሌዳ ይሰጠዋል። ተማሪው የዶሮ አጥንት ነጭ አመድ እስኪሆን ድረስ አቃጥሎ ይፈጨዋል፤ ዱቄቱንም በምራቁ ለውሶ ሰሌዳውን ይቀባዋል። ከዚያም ጫፉ የብር በሆነ መሣያ በዚያች ሰሌዳ ላይ ቀላል ቀላል ነገሮችን መሣል ይጀምራል። የብር ጫፍ መሥመር እንደ ከሰል በላባ ጠረግ ተደርጎ የሚጠፋ አይደለም። ተማሪው ገና ከመጀመሪያው በቀስታና በልበ ሙሉነት መሥመር ማውጣትን እንዲለምድ የሚያስገድደው ይኸው ነው። የብረት ጫፍ፣ የእንጨት ሰሌዳ፣ በቀላሉ የማይጠፋ መሥመር፤ በእሳት ለሚሠራ ሰው ከዚህ የቀረበ ትምህርት ሊገኝ አይችልም።

እንደ ቼኒኒ አቆጣጠር ተማሪው አንድ ዓመት በትንሿ ሰሌዳ ይሣላል፤ ስድስት ዓመት ከመምህሩ ጋር ቀለም እየፈጨና ሰሌዳ እያዘጋጀ ያሳልፋል፤ ሌላ ስድስት ዓመት ቀለም መቀባትን ይማራል። በዚህ በ13 ዓመት ውስጥ በሥራ ቀንም ሆነ በበዓል ቀን መሣልን አያቋርጥም። ጥቂትም ቢሆን በየቀኑ የተሣለች ነገር ዋጋ እንዳላት ቼኒኒ አጥብቆ ይመክራል።

ከምድጃ መቆስቆሻ እስከ ፕላቲን

በእንግሊዝ አገር በእሳት መሣል «የመቆስቆሻ ሥራ» ይባል ነበር። የተጠራውም የምድጃ እሳት በሚቆሰቆስበት ብረት ነው። ሠሪው ብረቱን ከፍም ውስጥ አግሎ ያወጣል፤ ገና ጥቂት እንደ ሣለ ብረቱ ይቀዘቅዝበታል፤ እንደገና ያግላል። ብረቱ ከእሳት እንደ ወጣ እጅግ ያጠቁራል፤ ሲበርድ ደግሞ እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ ሠሪው የትኛውን መሥመር በስንተኛው ቅጽበት ማውጣት እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

በዚህ ሥራ ከታወቁት አንዱ በ1751 በዴቨን የተወለደው ጆን ክራንች ነው። ክራንች ሥዕልን በልጅነቱ በራሱ ጥረት የተማረ የጽሕፈት ሠራተኛ ነበር። በኋላ ወደ ለንደን ሄዶ ሠዓሊ ሆነ፤ በጋለ ብረት በሚሠራቸው ሥዕሎችም ተመሰገነ። በ1796 አንድ የ20 ዓመት ወጣት ሊያማክረው በመጣ ጊዜ፣ ሊያነባቸው የሚገቡ መጻሕፍትን ዘርዝሮ ሰጠው። መጻሕፍቱ ግን በዙሪያው ካለው ከተለመደው ተፈጥሮና ከሰዎች ኑሮ ዓይኑን እንዳያነሡበት አስጠነቀቀው። ያ ወጣት በኋላ ከእንግሊዝ ታላላቅ የመልክዓ ምድር ሠዓልያን አንዱ የሆነው ጆን ኮንስተብል ነበር። ክራንች በ1821 በባዝ ከተማ ሞተ።

መሣሪያው በእውነት የተለወጠው በሕክምና ምክንያት ነው። ፓክላን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1870ዎቹ አጋማሽ ቁስል ለመተኮስ የሚያገለግል አዲስ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው ባዶ የፕላቲን ጫፍ ነበረው። ጫፉ በመጀመሪያ በነበልባል ይሞቃል፤ ከዚያ በእጅ በሚጨመቅ የጎማ ኳስ አማካይነት ከአየር ጋር የተቀላቀለ የቤንዚን ትነት ይነፋበታል። ትነቱ በጋለው ፕላቲን ላይ እየተቃጠለ ጫፉን ሳይበርድ ያቆየዋል። ሐኪም ለቁስል የሠራውን ሠዓልያን ለእንጨት ወሰዱት። ብረት ማመላለስ ቀረ፤ እንደ ብዕር ያለማቋረጥ መሣል ተቻለ።

የታተመ ሥዕል ዘመን

መሣሪያው ሲቀል ሙያው ፋሽን ሆነ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በአሜሪካ ብዙ ቤተሰቦች በእሳት የተሣለ የእንጨት ሣጥን ነበራቸው። እንደ ኒውዮርኩ ፍሌሚሽ አርት ካምፓኒና እንደ ችካጎው ቴየርና ቻንድለር ያሉ ድርጅቶች መሣሪያውንም እንጨቱንም ይሸጡ ነበር። ከሁሉ የበለጠ የተወደደው ግን ሥዕሉ አስቀድሞ የታተመበት እንጨት ነው። የሴት ራስ፣ አበባ ወይም የወይን ዘለላ በሣጥኑ ላይ ታትሞ ይመጣል፤ የገዢው ድርሻ በታተመው መሥመር ላይ የጋለውን ጫፍ ማስኬድ ብቻ ነው።

በዚያው ዘመን በተቃራኒው መንገድ የሄደ አሜሪካዊ ነበር። ጄ. ዊልያም ፎዝዲክ በ1858 በማሳቹሴትስ ተወለደ፤ ሥዕልን በቦስተን ከተማረ በኋላ ወደ ፓሪስ ሄዶ ጁልያን አካዳሚ ገባ። በዚያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ፊት ለፊታቸው የቆመውን ሰው እየተመለከቱ በከሰል ይሥላሉ፤ መምህሩ እየመጣ ስሕተታቸውን ያሳያቸዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ይቆማል፤ እነርሱም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ። ፎዝዲክ ወደ አሜሪካ ሲመለስ ይህን የለመደ እጅ በጋለው ብረት ላይ አዋለው። በ1896 በእንጨት ላይ በእሳት የሠራው የቅድስት ዣን ዳርክ ሥዕል ዛሬ በዋሽንግተን የስሚዝሶንያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ንብረት ነው።

የታተሙት ሣጥኖች ፋሽን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አካባቢ በረደ። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይኖራል፤ የሰው የቤት ዕቃ ምርጫም ተለውጦ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በታተመ መሥመር ላይ መቶ ሣጥን ያቃጠለ ሰው፣ መቶ አንደኛውን ያለ ማተሚያ ሥራ ቢባል አይችልም ነበር። ፋሽኑ ሲያልፍና ድርጅቶቹ ማተም ሲያቆሙ በእጁ የቀረ ሙያ አልነበረም። ፎዝዲክ ግን የሚያስፈልገው ባዶ እንጨት ብቻ ነበር።

በ27 ዓመቱ የጀመረው ሠዓሊ

«ይህ ሁሉ በልጅነቱ ለጀመረ ነው፤ አሁን ጊዜው አልፏል» የሚል አንባቢ ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሆነው የሆላንዳዊው የቪንሰንት ቫን ጎኽ ታሪክ ነው። ቫን ጎኽ ሠዓሊ ለመሆን የቆረጠው በ1880 በ27 ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት በሥዕል ንግድ ቤት፣ በመምህርነትና በሰባኪነት ሞክሮ ሳይሳካለት ቀርቶ፣ በቤልጅግ የከሰል ማዕድን አካባቢ በድህነት ይኖር ነበር።

ያን ጊዜ የሠራው ሥራ ለማንኛውም ጀማሪ ትምህርት ነው። ሻርል ባርግ ያዘጋጀውን የሥዕል መማሪያ ተውሶ፣ 60 ገጽ ያለውን የከሰል ልምምድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገለበጠ፤ ጨርሶም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። የሚሌን የገበሬዎች ሥዕሎችም ደጋግሞ ቀዳ። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ ደረቅና ጎባጣ ናቸው፤ ተሰጥዖውን በእነርሱ የሚገምት ሰው ቢኖር ተስፋ ባስቆረጠው ነበር። ስምንት ዓመት ቆይቶ ግን በደቡብ ፈረንሳይ በአርል ከተማ፣ ከአካባቢው መቃ በተቀረጸ ብርዕ የሣላቸው የእርሻ መልኮች በዓለም ከታወቁ ሥዕሎች መካከል ናቸው። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ሰማዩ ነጥብ ነው፤ ሣሩ አጫጭር ጭረት ነው፤ የሩቁ ተራራ ቀጭን መሥመር ነው። በጋለ ብረት የሚሠራ ሰው የሚያስፈልጉት ነገሮች እነዚሁ ናቸው፤ ነጥብ፣ ጭረትና መሥመር። ቫን ጎኽ በ1890 ሲሞት ሠዓሊ ከሆነ ገና አሥር ዓመቱ ነበር።

የመቃ ብርዕ አገር

መቃ ብርዕ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ቁም ጸሓፊ ብራናውን በወስፌ እየወጋና እያሰመረ፣ ከዚያም በመቃ ብርዕ ፊደሉን ሲጥል ኖሯል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕልም የሥራው አጥንት መሥመር ነው። ሠዓሊው መጀመሪያ መልኩን በመሥመር ያወጣል፤ ቀለሙን ከሞላ በኋላ ዓይኑን፣ ጣቱንና የልብሱን እጥፋት እንደገና በጥቁር መሥመር ያወጣዋል። ተማሪውም ከመምህሩ ሥር ሆኖ እየቀዳ ይማር ነበር።

ይህ ልምድ ከዘመናዊ ትምህርት ጋር የተገናኘው ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በችካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ሲከፍቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። ከ1963 እስከ 1966 ደግሞ ሃንሰን ባሂያ የተባሉ የጀርመን ተወላጅ ሠዓሊ በዚያ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት አስተምረዋል። በእንጨት ቅርጽ ላይም ሕጉ እንደ እሳት ነው፤ የተቆረጠ እንጨት ተመልሶ አይቀጠልም። በዚያው ትምህርት ቤት ያስተማሩት እስክንድር ቦጎስያንም ወደ አሜሪካ መጥተው በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ተማሪዎችን አፍርተው በ2003 አረፉ። አገር ቢለወጥም የለመደ እጅ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል፤ በጉምሩክም አይያዝም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ሁለት ሥራ ለሚሠራና ጊዜ ለሚያጥረው ሰው የሚሆን ምክር ይገኛል። 13 ዓመት ሙሉ ከመምህር ቤት ማደር ዛሬ አይቻልም። በቀን 15 ደቂቃ ግን ይቻላል።

የሚያስፈልገው ደብተርና እርሳስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሥመር ብቻ ማሰመር ይበቃል፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ክብና ሞላላ፣ ወፍራምና ቀጭን። ቀጥሎ ከነጭ እስከ ጥቁር አምስት ደረጃ ያለው ጥላ በጭረት ብቻ መሥራት፤ ከዚያም በቤት ያለ ዕቃ መሣል ነው። ጀበና ጥሩ መምህር ነው። አንገቱ፣ ሆዱ፣ ጆሮውና የአፉ ሞላላነት እያንዳንዳቸው የተለየ መሥመር ይጠይቃሉ። አንዱን ጀበና በሰባት ቀን ሰባት ጊዜ የሣለ ሰው፣ ሰባት ልዩ ልዩ ዕቃ አንድ አንድ ጊዜ ከሣለው ይልቅ ብዙ ያተርፋል። በየገጹ ቀን መጻፍና ያላማረውንም አለመቅደድ ያስፈልጋል፤ ከስድስት ወር በኋላ መሻሻሉን የሚመሰክረው ያ ያላማረው ገጽ ነው።

ብረቱ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ልምምዱ ቀለሙ ነጣ ባለና ወጥ በሆነ እንጨት፣ ለምሳሌ በሊንደን ወይም በሜፕል ቁራጭ ላይ ቢጀመር ይመረጣል። ያው መሥመርና ያው አምስት ደረጃ ጥላ በቁራጩ ላይ ይደገማል። ቀለም የተቀባ፣ በመድኃኒት የታከመ ወይም በሙጫ የተጨመቀ እንጨት ግን ጭሱ ለጤና ጎጂ ስለሆነ ፈጽሞ መቃጠል የለበትም። በንጹሕ እንጨትም ቢሆን መስኮት ከፍቶ መሥራት ይገባል።

የመቆስቆሻው ዘመን አለፈ፤ የፕላቲኑ ዘመን አለፈ፤ የታተመው ሣጥን ዘመንም አለፈ። አፔለስ ያሰመረበት ሰሌዳ እንኳ ተቃጥሎ ጠፍቷል። ከሁሉ የተረፈው በየቀኑ አንድ መሥመር የማሰመር ልማድ ነው። አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዳሉት፣ መሳቢያ ውስጥ የተከተተው መሣያ ያለበት ሰው አዲስ ብረት ከመግዛቱ በፊት ዛሬ ማታ አንድ ገጽ ቢሣል ይጠቀማል።